ከብድሩ በፊት ያለው መንገድ፦ መንግሥት ለአነስተኛ ሥራዎች ስለሚሰጠው ድጋፍ



ከደጋፊዎቻችን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ «አንዲት እናት እንጀራ ጋግራ እንዳትሸጥ፥ አንድ ወጣትም የእንጨት ሥራ እንዳይከፍት የሚያግዳቸው የመነሻ ገንዘብ ማጣት ከሆነ፥ ገንዘቡን ሰጥተን ለምን አንገላግላቸውም? መንግሥትስ ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች የሚያደርገው ነገር የለምን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ በችኮላ ሊመለስ አይገባውም።

አጭሩን መልስ አስቀድመን እንናገር። መንግሥት የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ ዓይነቱም ጥቂት አይደለም። ብዙዎችን ወደ ኋላ የሚያስቀራቸው እስከ ድጋፉ ድረስ ያለው መንገድ ነው። መንገዱን ጨርሰው ብድሩን ከተቀበሉትም መካከል ሳይዘጋጁ የተቀበሉት ከድህነት ወደ ዕዳ ሲወርዱ አይተናል። ስለዚህ ረዳት የሆነ ሁሉ፥ ግለሰብም ይሁን ድርጅት፥ መንገዱን ማወቅ ይኖርበታል።

አጀማመሩ

በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ታላቅ ረኃብ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት አያሌ የእርዳታ ድርጅቶች እህል ከማደል አልፈው ለተጎዱ ቤተሰቦች በሬ፥ ዘርና ጥቂት ገንዘብ በብድር ስም ይሰጡ ጀመር። ይሁን እንጂ ሰጪውም ተቀባዩም ብድርን ከእርዳታ ለይተው ስላላዩት ብዙው ሳይመለስ ቀረ። ያልተመለሰ ገንዘብ ደግሞ ተራ ይጠብቅ ለነበረው ለሌላው ችግረኛ ሳይደርስ ይቀራል።

በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40/1988 ይህን አሠራር ለወጠው። ከዚያ በኋላ አነስተኛ ብድር መስጠትና ቁጠባ መሰብሰብ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያገኙ የአክሲዮን ማኅበሮች ሥራ ሆነ። አዋጁ በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 626/2001 ቢተካም ሐሳቡ ጸንቶ ቆይቷል። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ከታላላቆቹ የብድርና ቁጠባ ተቋማት አንዳንዶቹ የተወለዱት ከእርዳታ ድርጅቶች ጉያ ነው። የደደቢት ብድርና ቁጠባ ተቋም ከትግራይ ተራድኦ ማኅበር፥ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ደግሞ የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ከጀመረው ሥራ ወጥተዋል። የአማራው ተቋም ከጊዜ በኋላ አድጎ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ የኦሮሚያው ሲንቄ ባንክ፥ የደቡቡም ኦሞ ባንክ ተብለዋል።

መንግሥት በበኩሉ በኅዳር 1990 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ይህንኑ የሚከታተል የፌዴራል ኤጀንሲም ተቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂው ተሻሻለ። በዚህ መሠረት ከባለቤቱ ጋር እስከ 5 ሰው የሚያሠራ፥ ጠቅላላ ሀብቱም በኢንዱስትሪ ከ100,000 ብር፥ በአገልግሎት ከ50,000 ብር የማይበልጥ ሥራ «ጥቃቅን» ተባለ። ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን፥ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር የሚደርሰው ደግሞ «አነስተኛ» ተባለ። የብር ዋጋ ከዚያ ወዲህ እጅግ ስለተለወጠ ቁጥሮቹ ዛሬ ትንሽ ይመስላሉ። ሆኖም ሥራዎችን ጀማሪ፥ ታዳጊና የበቃ ብሎ በየደረጃቸው የመደገፍ ሐሳብ የመጣው ከዚሁ ስትራቴጂ ነው።

ድጋፉ ምን ምን ያካትታል?

ብዙ ሰው «የመንግሥት ድጋፍ» ሲባል ገንዘብ ብቻ ይመስለዋል። ገንዘቡ ግን ከድጋፎቹ አንዱ ሲሆን የሚመጣውም በመጨረሻ ነው።

የመጀመሪያው መደራጀትና መመዝገብ ነው። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ በሚኖሩበት ወረዳ ወዳለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ይሄዳሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ምዝገባው፥ ንግድ ፈቃዱ፥ ሥልጠናውና የብድር ማመልከቻው በአንድ ስፍራ እንዲያልቅ የታሰበ ነውና። የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ግን ገና በዚህ በር ላይ ይቀራል። ከገጠር በቅርቡ የመጣችና በሰው ቤት ተጠግታ የምትኖር ሴት የመጀመሪያ ችግሯ ከመነሻ ገንዘብ ይልቅ መታወቂያ ማጣት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሥልጠና ነው። ስለ ሒሳብ አያያዝ፥ ስለ ንግድ ዕቅድና ስለ ሙያው አጠር ያለ ትምህርት ይሰጣል። የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆችም መምህራን እየላኩ ሥራቸውን በጀመሩት ዘንድ ምክር እንዲሰጡ ይደረጋል።

ሦስተኛው የሥራ ቦታ ነው። በከተሞቻችን ዳርና ዳር የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ረጃጅም ሼዶች፥ በአዲስ አበባም ባለ ፎቅ የሥራ ሕንፃዎች ይታያሉ። ኪራያቸው ከግል ቤት ኪራይ ያነሰ ነው። በደንቡ መሠረት ለተወሰነ ዘመን ብቻ ይሰጡና ያደገው ለአዲሱ ይለቃል። ወጥቶ የሚገባበት ቦታ ከሌለ ግን ያደገው ሰው መውጣቱን ይፈራል፤ ስለዚህ አንዳንዱ እንዳላደገ ሆኖ መቀመጥን ይመርጣል።

አራተኛው የገበያ ትስስር ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ብሎኬቱን፥ በሩንና መስኮቱን የሚያቀርቡ አያሌ ማኅበራት ተደራጁ። የኮብልስቶን መንገድ ሥራም ድንጋይ ጠርበው በሚያነጥፉ ወጣቶች ተከናውኗል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ምግብ የሚያዘጋጁት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ገበያ ለጀማሪ ትልቅ መደገፊያ ነው። ዳሩ ግን አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሰው ግንባታው ሲቆም ወይም ክፍያ ሲዘገይ ሥራው አብሮ ይቆምበታል። ስለዚህ ትስስር ያገኘ ማኅበር ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ጥቂትም ቢሆን ለሌላ ሰው መሸጥ እንዲለምድ እንመክራለን።

አምስተኛው ብድር ነው።

ስለ ብድሩ

ብድሩ የሚሰጠው በአብዛኛው በክልሎች የብድርና ቁጠባ ተቋማትና ከእነርሱ ባደጉት ባንኮች በኩል ነው። ቤት ወይም መኪና የሌለው ሰው ለመያዣ የሚያቀርበው ስለሌለው ሁለት መንገዶች ተከፍተውለታል። አንዱ የቡድን ዋስትና ነው። ከሦስት እስከ ሰባት የሚሆኑ ሰዎች ይሰባሰቡና አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ አንዱ ካልከፈለ የቀሩት ይከፍሉለታል። ሁለተኛው ደመወዝተኛ ዋስ ነው። ደሃ ሰው በዘመዶቹ መካከል ደመወዙን ለዋስትና የሚያስይዝለት ሠራተኛ የሚያገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በሁለቱም መንገድ ተበዳሪው አስቀድሞ እንዲቆጥብ ይጠየቃል።

ከመደበኛው ብድር ሌላ ለተለዩ ወገኖች የታሰቡ ገንዘቦችም ነበሩ፤ አሉም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደለት የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ከልማት ባንክ ወደ ብድር ተቋማት፥ ከእነርሱም ወደ ነጋዴ ሴቶች እንዲደርስ ተደረገ። የዚህ ብድር ልዩነቱ ለቡድን ሳይሆን ለእያንዳንዷ ሴት በግሏ መሰጠቱ ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ10 ቢሊዮን ብር ተቋቋመ። «ተዘዋዋሪ» የተባለው አንዱ የመለሰውን ሌላው እንዲበደረው ስለታሰበ ነው። የመጀመሪያው ወጣት ካልመለሰ ግን ገንዘቡ አይዞርም፤ ከበሩ ውጭ የቆመው ሁለተኛው ወጣትም ባዶ እጁን ይመለሳል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ሒሳቡን ሳያውቁ የፈረሙ ብዙዎች ናቸውና። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ 50,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ፥ በሁለት ዓመት ልትመልስ ተበደረች እንበል። (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው፤ ወለዱ እንደየተቋሙ ይለያያል።) ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻው የሚታሰብ ከሆነ ወለዱ ብቻ 15,000 ብር ይሆናል፤ በየወሩም ወደ 2,708 ብር ትከፍላለች። በየጊዜው በሚቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን ወርኃዊ ክፍያዋ ወደ 2,424 ብር፥ ጠቅላላ ወለዱም ወደ 8,200 ብር ዝቅ ይላል። የሁለቱ ልዩነት ወደ 6,800 ብር ነው። ሁለቱም ግን በወረቀት ላይ «15 በመቶ» ተብለው ይጻፋሉ። እንግዲህ ተበዳሪ ሁሉ «ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው?» ብሎ ሳይጠይቅ ብዕር ማንሣት የለበትም።

ሒሳቡን ወደ ምጣዱ እናምጣው። የጤፉ፥ የመብራቱና የማገዶው ወጪ፥ ለቤቷ የምታወጣውም ተቀንሶ ከአንድ እንጀራ 3 ብር ይተርፋታል እንበል። 2,424 ብር ለመክፈል በወር 808 እንጀራ መሸጥ አለባት። 26 የሥራ ቀን ቢኖራት በየቀኑ ከ31 በላይ ማለት ነው። መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋባት በቀሩት ቀኖች ከ35 በላይ መጋገር ይኖርባታል። ጤፍ ሲወደድና 3 ብሩ ወደ 2 ብር ሲወርድ ደግሞ ቁጥሩ 1,212 ይደርሳል። ይህን ሒሳብ ከመበደሯ በፊት በጣቷ ቆጥራ የምታውቅ ሴት ምን ያህል መበደር እንዳለባት ራሷ ትወስናለች። የማታውቅ ግን የሚፈቀድላትን ሁሉ ትበደራለች።

ለታዳጊዎቹስ?

ጀማሪው አድጎ ስምንት ወይም ዐሥር ሠራተኛ ሲቀጥር ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ለአነስተኛ ብድር ተቋም ትልቅ፥ ለባንክ ደግሞ ትንሽ ይሆናል። ባንኩ ቤት አስይዝ ይለዋል፤ እርሱ ያለው ግን ማሽንና ሙያ ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች ተበጅተዋል። አንደኛው ማሽንን በኪራይ ግዢ መስጠት ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክና በክልሎች የተቋቋሙ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ድርጅቶች ማሽኑን ራሳቸው ገዝተው ያከራያሉ፤ ኪራዩ ተከፍሎ ሲያልቅ ማሽኑ የተከራዩ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ የማሽኑ ባለቤት አከራዩ ስለሆነ ቤት ማስያዝ አያስፈልግም። የተለመደው አሠራር ተከራዩ ከዋጋው 20 በመቶውን ሲያዋጣ 80 በመቶውን አከራዩ መሸፈኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ተቋማት የፈቀደው 200 ሚሊዮን ዶላርም ከፊሉ በዚሁ መንገድ እንዲሠራበት የታሰበ ነበር። ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። በዚህ አዋጅ ማሽን፥ ከብት፥ በመጋዘን ያለ ሸቀጥና ከደንበኛ የሚጠበቅ ሒሳብ ሳይቀር በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ተመዝግበው ለብድር መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ።

እነዚህ መልካም በሮች ናቸው። ሆኖም በሁለቱም በር የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የሒሳብ መዝገብ። የገባውንና የወጣውን በደብተር ያልጻፈ ሰው ምንም ያህል ቢያተርፍ ማትረፉን ሊያስረዳ አይችልም።

ከስሕተታችን የተማርነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ ዳር አምስት ሴቶች እንጀራ ለመጋገር ተደራጁ። በእውነት ለመናገር ሦስቱ ብቻ ይተዋወቁ ነበር፤ ሁለቱ ቁጥር እንዲሞላ የተጨመሩ ናቸው። ሥልጠናውን ወስደው፥ ሼድ አግኝተው፥ በቡድን ዋስትና ተበደሩ። በአራተኛው ወር የአንደኛዋ ልጅ ታመመ። ለጤፍ መግዣ የያዘችው ገንዘብ በሐኪም ቤት አለቀ፤ የወሩን ክፍያም ሳትከፍል ቀረች። አራቱ ከፈሉላት። በሁለተኛው ወር ግን ማጉረምረም ተጀመረ።

እኔም ይህን ሰምቼ አዘንሁና ከምሠራበት ድርጅት ለችግረኞች ከተያዘው ገንዘብ የሴትዮዋን ዕዳ ሸፈንሁላት። መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ወሬው በሼዱ ሁሉ ተዳረሰ፤ በተከታዩ ወር ከአምስቱ አንዲቷም አልከፈለችም። ከጎናቸው ያሉት ሸማኔዎችም ክፍያቸውን አቆሙ። የብድር ሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ።

ከሴቶቹ በዕድሜ የምትበልጠዋን ሄጄ ባነጋግራት እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፥ ለእሷ አዝነህ ሰጠሃት፤ አልጠላንም። እኛ ግን ለእሷ የተከፈለ ለእኛም ይከፈላል ብለን ተዘናጋን። አሁን ዕዳው ተከምሮ ልጆቻችን ፊት መጥቶ ቆመ።»

«እትዬ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ተቀምጠን ተመካከርን። ከሁለቱ ትልልቅ ምጣዶች አንዱ ተሸጠ። የብድር ተቋሙ የመክፈያውን ጊዜ እንዲያራዝምላቸው አብረናቸው ሄደን ለመንን፤ ተራዘመላቸው። ሴቶቹም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ብር እያዋጡ ለሕመምና ለኀዘን ብቻ የሚሆን መጠባበቂያ ለብቻው ያዙ፤ ይህን ከእድራቸው ያውቁት ነበርና ማንም ሊያስተምራቸው አላስፈለገም። ሁለቱ ከማኅበሩ ወጡ፤ ሦስቱ ዕዳውን ከፍለው ጨረሱ፤ እስከ ዛሬም ይጋግራሉ። ነገር ግን በተራዘመው ጊዜ የከፈሉት ተጨማሪ ወለድ የእኔ ያለ ቦታው የዋለ ርኅራኄ ዋጋ ነበር።

እንግዲህ የረዳቶች ድርሻ ምንድን ነው?

«ገንዘቡን ሰጥተን ለምን አንገላግላቸውም?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ስጦታ ቦታ አለው። ለታመመ፥ ለተራበ፥ ከቤቱ ለተፈናቀለ ሰው ብድር መስጠት ጭካኔ ነው፤ ለእርሱ የሚገባው ስጦታ ነው። ነገር ግን ስጦታና ብድር በአንድ ሼድ ውስጥ ሲደባለቁ ሁለቱም ይበላሻሉ። እንግዲህ ከብድሩ በፊትና ከብድሩ በኋላ የሚሠራ ሥራ ይጠብቀናል።

ከብድሩ በፊት፦ መታወቂያ የሌላትን ሴት ወደ ቀበሌ ይዟት የሚሄድና ምስክር የሚሆንላት ሰው ያስፈልጋል። ፊደል ላልቆጠሩት የሒሳብ ደብተር አያያዝ በሥዕልም በጭረትም ማስተማር ያስፈልጋል። ሰዎች ለቁጥር ሳይሆን በመተዋወቅ እንዲደራጁ ጊዜ መስጠት ይገባል፤ እኛ አሁን የምንመክረው ስድስት ወር ያህል በዕቁብ ወይም በቁጠባ ቡድን አብረው ሳይቆዩ አንዱ ለሌላው ዋስ እንዳይሆን ነው። በዕቁብ ተራውን ጠብቆ የከፈለ ሰው ብድርም እንደሚከፍል ጓደኞቹ ያውቃሉ፤ ያልከፈለውንም ያውቁታል።

ከብድሩ በኋላ፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ መጠየቅ፥ ደብተሩን አብሮ ማየት፥ ክፍያ ሊያልፍ ሲል ሳይደብቁ ወደ ብድር ተቋሙ ሄደው እንዲናገሩ ማደፋፈር ነው። ቀድሞ የተናገረ ተበዳሪ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ያገኛል፤ የተደበቀው ግን ዋሶቹን ይዞ ይወድቃል። የሕመም ነገር ሲመጣ ደግሞ ዕዳውን ሳይሆን ሐኪሙን ብንከፍል ይሻላል። ያን ጊዜ ልጁ ይታከማል፤ ብድሩም ብድር ሆኖ ይቀራል።

እናንተም ብትሆኑ በአቅራቢያችሁ ሥራ ሊጀምር የሚያስብ ሰው ካለ ኪሳችሁን ከመዳሰሳችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁት፦ መታወቂያህ አለን? ዋስ የሚሆኑህን ሰዎች ምን ያህል ታውቃቸዋለህ? ካለፈው ወር ምን ያህል ቆጠብህ? ከምትሸጠው ከእያንዳንዱ ምን ይተርፍሃል? ወለዱ የሚታሰበው በምን ላይ ነው? ከአንድ በላይ ገዢ አለህን? ገበያ ባይኖር ሁለት ወር በምን ትከፍላለህ? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው የወረዳውን ደጅ በድፍረት ያንኳኳ። መልስ የሌለውን ደግሞ አብራችሁት ተቀመጡና መልሱን ፈልጉ፤ የምትሰጡት ጊዜ ከገንዘቡ ይልቅ ሊጠቅመው ይችላል።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ሼድ በኩል ሳልፍ ትልቋ ሴት ጠራችኝና ደብተሯን አሳየችኝ። በየገጹ ግራ የገባው፥ በስተቀኝ የወጣው በጭረት ተመልክቷል። ሁለተኛውን ምጣድ መልሳ ለመግዛት ልትበደር አስባ እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «ገና ነው» አለችኝ፤ «አሁን በቀን የምሸጠው ሃያ ስምንት ነው። ሠላሳ አምስት ሲደርስ እሄዳለሁ።»